የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የበይነ መረብ ሽያጭ ታክስ ሕጎች በአፊሊዬት አስተዋዋቂዎች ላይ ያላቸው ውጤት

በዩናይትድ ስቴትስ የሚኖሩ ዜጎችና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በበይነ መረብ ሊሰማሩባቸው ከሚችሉ የገቢ ማስገኛ ሥራዎች አንዱ «አፊሊዬት ማርኬቲንግ» በመባል የሚታወቀው ነው። የሥራው ባሕርይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ሻጭንና ገዥን አገናኝቶ ሽያጩ ሲፈጸም የድለላ ዋጋ ከመቀበል ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ አስተዋዋቂው ገዥውን በአካል የማያገኘው መሆኑ ነው፤ በድረ ገጹ ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ ላይ ባኖረው ማስፈንጠሪያ አማካይነት ገዥውን ወደ ሻጩ መደብር ይመራል፤ ከተፈጸመው ሽያጭም በውሉ የተወሰነውን ኮሚሽን ይቀበላል።

ይህን የሥራ መስክ ባለፉት ዓመታት እጅግ ካናጉት ጉዳዮች አንዱ የክፍለ ግዛቶች የሽያጭ ታክስ ሕግ ነው። ሕጎቹ በአስተዋዋቂው ኮሚሽን ላይ ታክስ አልጣሉም። ይሁን እንጂ በሺዎች የሚቆጠሩ አስተዋዋቂዎች በእነዚሁ ሕጎች ምክንያት የገቢ ምንጫቸውን በአንድ ቀን አጥተዋል። ይህ እንዴት ሊደርስ እንደቻለና ዛሬ ያለው ሁኔታ ከዚያን ጊዜው በምን እንደሚለይ መረዳት፣ በሥራው ላይ ላሉትም ሆነ ሊጀምሩ ላሰቡ ዜጎች ተገቢ ጥንቃቄ ለማድረግ ይረዳል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታክሱን የሚከፍለውና የሚሰበስበው ማን ነው?

በአሜሪካ በፌዴራል ደረጃ የሽያጭ ታክስም ሆነ የተጨማሪ እሴት ታክስ የለም። የሽያጭ ታክስ የመጣል ሥልጣን የክፍለ ግዛቶች ሲሆን፣ 45 ክፍለ ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ ታክሱን በመላ ግዛታቸው ሥራ ላይ አውለዋል። አላስካ፣ ደላዌር፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሸርና ኦሪገን በክፍለ ግዛት ደረጃ ይህ ታክስ የላቸውም፤ በአላስካ ግን የአካባቢ አስተዳደሮች የራሳቸውን ታክስ መጣል ይችላሉ።

የአሠራሩን ሂደት በምሳሌ መመልከት ይቻላል። በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ሰው ስለ ወጥ ቤት ዕቃዎች በአማርኛ የሚጽፍበት ድረ ገጽ አለው እንበል። አንዲት የሜሪላንድ ነዋሪ በዚህ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ማስፈንጠሪያ ተከትላ፣ ዋጋው 100 ዶላር የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከአንድ የበይነ መረብ መደብር ትገዛለች። የሜሪላንድ የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ በመሆኑ ገዥዋ በጠቅላላው 106 ዶላር ትከፍላለች። ከዚህ ውስጥ 6ቱን ዶላር ለክፍለ ግዛቱ ገቢ የማድረግ ግዴታ ያለበት መደብሩ ነው። የኮሚሽን ውሉ 4 በመቶ ከሆነ አስተዋዋቂው ከመደብሩ 4 ዶላር ይከፈለዋል። የሽያጭ ታክሱን የከፈለችው ገዥዋ፣ የሰበሰበው መደብሩ ሲሆን፣ አስተዋዋቂው በሁለቱም ውስጥ ድርሻ የለውም።

መደብሩ ታክሱን ሳይሰበስብ ቢቀርም ገዥዋ ከግዴታ ነፃ አትሆንም። ሕጉ «የአጠቃቀም ታክስ» በሚል ስያሜ ተመሳሳይ መጠን ራሷ አስታውቃ እንድትከፍል ያስገድዳል። በተግባር ግን እያንዳንዱን ግዥውን መዝግቦ በራሱ ተነሳሽነት የሚከፍል ሸማች ጥቂት ነው። ሚሊዮኖችን ከመከታተል አንድን ትልቅ መደብር ታክሱን እንዲሰበስብ ማስገደድ ለክፍለ ግዛቶቹ የሚቀል በመሆኑ፣ ትግሉ ሁሉ በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ ሆነ፦ በሌላ ክፍለ ግዛት የሚገኝን ሻጭ ማስገደድ የሚቻለው መቼ ነው?

«አካላዊ መገኘት» የሚለው መመዘኛ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 በናሽናል ቤላስ ሄስ ጉዳይ፣ ከዚያም በ1992 በክዊል ኮርፖሬሽንና በኖርዝ ዳኮታ ክፍለ ግዛት መካከል በነበረው ክርክር ለዚህ ጥያቄ ምላሽ ሰጥቷል። በውሳኔዎቹ መሠረት አንድ ክፍለ ግዛት ሻጩን ታክስ እንዲሰበስብ ሊያስገድደው የሚችለው፣ ሻጩ በግዛቱ ውስጥ እንደ ሱቅ፣ መጋዘን ወይም ሠራተኛ ያለ አካላዊ መገኘት ሲኖረው ብቻ ነበር። ክዊል የቢሮ ዕቃዎችን በካታሎግና በስልክ የሚሸጥ ድርጅት ነበር። የበይነ መረብ ንግድ በተስፋፋ ጊዜ ግን ይኸው ደንብ ትልልቅ የበይነ መረብ መደብሮችን ተጠቃሚ አደረጋቸው፤ አካላዊ መገኘት በሌላቸው ክፍለ ግዛቶች ታክስ ሳይጨምሩ መሸጥ ቻሉ።

ይሁንና በደንቡ ውስጥ አንድ ክፍተት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀደም ሲል፣ በ1960፣ ስክሪፕቶ በተባለው የጆርጂያ እስክሪብቶ ሻጭ ጉዳይ፣ በፍሎሪዳ በኮሚሽን ትዕዛዝ የሚቀበሉ 10 ነፃ ወኪሎች መኖራቸው ብቻ ሻጩን ለፍሎሪዳ ታክስ ለማስገደድ በቂ ነው ብሎ ነበር። ወኪሎቹ የድርጅቱ ተቀጣሪዎች አልነበሩም፤ ሆኖም ገበያ ያመጡለት በዚያው ክፍለ ግዛት ውስጥ ሆነው ነው። ከግማሽ ምዕት ዓመት ገደማ በኋላ የአፊሊዬት አስተዋዋቂው ዕጣ የተንጠለጠለው በዚህ ውሳኔ ላይ ሆነ።

የ2008ቱ የኒው ዮርክ ሕግ

የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በሚያዝያ 2008 ያወጣው ሕግ ይህንኑ የወኪል ሐሳብ ወደ በይነ መረብ አመጣው። ሻጩ ከኒው ዮርክ ነዋሪ ጋር የኮሚሽን ውል ካለው፣ እንዲህ ባሉ ውሎች አማካይነትም ባለፉት አራት ሩብ ዓመታት ለኒው ዮርክ ደንበኞች ከ10,000 ዶላር በላይ ሽያጭ ካከናወነ፣ በክፍለ ግዛቱ ውስጥ ወኪል እንዳለው ተቆጥሮ ታክስ የመሰብሰብ ግዴታ ይጣልበታል። ይህ ሊስተባበል የሚችል የሕግ ግምት ነው። ሻጩ በውሉ ውስጥ አስተዋዋቂዎቹ በኒው ዮርክ ደንበኛ እንዳይቀሰቅሱ የሚከለክል አንቀጽ ካስገባና እያንዳንዱ አስተዋዋቂም ይህን አለማድረጉን በየዓመቱ በፊርማው ካረጋገጠ ግምቱን ማፍረስ ይችል ነበር።

በሕጉ ውስጥ ወሳኙ ነገር የክፍያው ዓይነት ነበር። በድረ ገጹ ላይ ቦታ አከራይቶ ቋሚ የማስታወቂያ ዋጋ የሚቀበል ሰው እንደ ጋዜጣ ባለቤት ተቆጠረ፤ ሻጩን ለታክስ አያጋልጥም። በሽያጩ ልክ ኮሚሽን የሚቀበል ሰው ግን እንደ ደላላ ተቆጠረ። ስለሆነም ሁለት ድረ ገጾች አንድ ዓይነት ምስልና አንድ ዓይነት ማስፈንጠሪያ ይዘው፣ በአከፋፈል ውላቸው ብቻ የተለያየ የሕግ ውጤት ነበራቸው።

ሁለቱ ታላላቅ የበይነ መረብ መደብሮች ለሕጉ የሰጡት ምላሽ የተለያየ ነበር። አማዞን ሕጉን በፍርድ ቤት እየተቃወመ ከሰኔ 1 ቀን 2008 ጀምሮ ታክሱን መሰብሰብ ጀመረ፤ የኒው ዮርክ አስተዋዋቂዎቹንም አላሰናበተም። ኦቨርስቶክ በበኩሉ ክስ ከመመሥረቱ ጋር በኒው ዮርክ ከሚገኙ አስተዋዋቂዎች ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ። አስተዋዋቂው ከቤቱ እስካለ ድረስ ሻጩ ታክስ ሰብሳቢ ይሆናል፤ አስተዋዋቂው ከሌለ ግን ግዴታው ይቀራል። ለሻጩ ስሌቱ ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ ኪሳራው ግን ያረፈው በሕጉ ክርክር ውስጥ ድምፅ ባልነበረው ወገን ላይ ነው።

ውሎች የተቋረጡባቸው ክፍለ ግዛቶች

ሌሎች ክፍለ ግዛቶች የኒው ዮርክን ፈለግ ሲከተሉ አማዞንም የኦቨርስቶክን መንገድ ያዘ። በ2009 ሮድ አይላንድና ኖርዝ ካሮላይና ተመሳሳይ ሕግ ሲያወጡ በሁለቱም የሚገኙ አስተዋዋቂዎቹን አሰናበተ። በ2011 ኢሊኖይ፣ አርካንሶና ኮነቲከት፣ በ2013 ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሚኒሶታ ተመሳሳይ ሁኔታ ገጠማቸው። ድርጅቱ ለአስተዋዋቂዎቹ የሚልከው የስንብት ደብዳቤ መነሻው የእነርሱ ጥፋት ሳይሆን የሚኖሩበት አድራሻ ነበር።

የኮሎራዶ ጉዳይ ይህን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ክፍለ ግዛቱ በ2010 ያወጣው ሕግ ስለ አስተዋዋቂዎች የሚናገር አልነበረም፤ ታክስ የማይሰበስቡ ሻጮች ለገዥዎች ስለ አጠቃቀም ታክስ እንዲያሳውቁና የግዥ መረጃ ለክፍለ ግዛቱ እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ ነበር። ሆኖም አማዞን በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በኮሎራዶ ከሚገኙ አስተዋዋቂዎች ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ። በሕጉ ውስጥ ስማቸው ያልተነሳ ሰዎች በሕጉ ምክንያት ሥራቸውን አጡ።

ከሁሉ የሰፋው በካሊፎርኒያ የደረሰው ነው። የክፍለ ግዛቱ አገረ ገዥ ጄሪ ብራውን በሰኔ 29 ቀን 2011 ሕጉን ሲፈርሙ አማዞን በክፍለ ግዛቱ ያሉትን አስተዋዋቂዎች ውል አቋረጠ፤ ቁጥራቸው ከ10,000 በላይ እንደነበር በወቅቱ ተገልጿል። ድርጅቱ ሕጉን በሕዝበ ውሳኔ ለማሻር የድጋፍ ፊርማ የማሰባሰብ ዘመቻም ጀምሮ ነበር። በመስከረም 2011 በተደረሰ ስምምነት ግን ታክሱን የመሰብሰቡ ግዴታ እስከ መስከረም 15 ቀን 2012 እንዲዘገይ ተደረገ፤ ድርጅቱም ዘመቻውን ትቶ አስተዋዋቂዎቹን መልሶ ተቀበለ። ሥራቸው የተቋረጠውም የተመለሰውም እነርሱ በሌሉበት በተደረገ ድርድር ነው።

አስተዋዋቂዎች ለዚህ ሁኔታ የሰጡት ምላሽ እንደ አቅማቸው ነበር። ሠራተኞችና ቢሮ ያላቸው ድርጅቶች ክፍለ ግዛት ቀየሩ፤ ለምሳሌ በኢሊኖይ ሮክተን ከተማ የነበረው ፋትዋሌት የተሰኘ የቅናሽ መረጃ ድርጅት በ2011 ድንበሩን ተሻግሮ በዊስኮንሲን ወደምትገኘው ቤሎይት ተዛወረ። በቤቱ ሆኖ በአንድ ኮምፒውተር የሚሠራ፣ ልጆቹን በአካባቢው ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ግን ለኮሚሽን ሲል ክፍለ ግዛት መቀየር አይችልም። እንዲህ ያለው ሰው የነበረው አማራጭ ቀድሞውኑ ታክስ ከሚሰበስቡ ሻጮች ጋር መዋዋል ወይም ከኮሚሽን ወደ ቋሚ የማስታወቂያ ክፍያ መዞር ነበር።

ፍርድ ቤቶች የደረሱበት መደምደሚያ

የሕጎቹ ሕጋዊነት በተለያዩ ፍርድ ቤቶች የተለያየ ውጤት አስከትሏል። የኒው ዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በመጋቢት 2013 ሕጉን አጸናው፤ የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2013 ይግባኙን ለማየት ሳይፈቅድ ቀረ። በተቃራኒው የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥቅምት 2013 የክፍለ ግዛቱን ሕግ ሽሮታል። ምክንያቱም ሕጉ በበይነ መረብ የሚደረግን የኮሚሽን ማስታወቂያ ለይቶ ሲነካ፣ በኅትመትና በብሮድካስት የሚደረገውን ተመሳሳይ ማስታወቂያ ሳይነካ በመተው፣ በኤሌክትሮኒክ ንግድ ላይ አድሏዊ ታክስ እንዳይጣል የሚከለክለውን የ1998ቱን የፌዴራል የኢንተርኔት ታክስ ነፃነት ሕግ ይቃረናል የሚል ነው። ኢሊኖይም ልዩነቱን በማስወገድ ሕጉን አሻሽሎ ከጥር 1 ቀን 2015 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለው።

የጉዳዩ ዋና መቋጫ የመጣው ሰኔ 21 ቀን 2018 ነው። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳውዝ ዳኮታና በዌይፌር መካከል በነበረው ክርክር፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅና ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ በጻፉት ውሳኔ፣ የ1967ቱንና የ1992ቱን ፍርዶች ሽሮ የአካላዊ መገኘትን መመዘኛ አስቀረ። ውሳኔው ክፍለ ግዛቶች በአሮጌው ደንብ ምክንያት በየዓመቱ ከ8 እስከ 33 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያጡ የተሰጡትን ግምቶች ጠቅሷል። የሳውዝ ዳኮታ ሕግ ያስቀመጠው መመዘኛ በክፍለ ግዛቱ ውስጥ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ሽያጭ ማከናወን ወይም 200 እና ከዚያ በላይ የተለያዩ ግብይቶችን መፈጸም የሚል ነበር።

ከ2018 ወዲህ ምን ተለወጠ?

ከውሳኔው በኋላ የሽያጭ ታክስ ያላቸው ክፍለ ግዛቶች በሙሉ በሽያጭ መጠን ላይ የተመሠረተ መመዘኛ አውጥተዋል፤ የመጨረሻዋ ሚዙሪ ስትሆን ሕጓ ሥራ ላይ የዋለው ጥር 1 ቀን 2023 ነው። ከዚህም ጋር «የገበያ መድረክ ሕግ» የሚባለው ተስፋፍቷል፤ በዚህ መሠረት በአማዞን፣ በኢቤይ ወይም በኤትሲ ላይ አነስተኛ ነጋዴ ሲሸጥ ታክሱን የሚሰበስበው መድረኩ ራሱ ነው።

ለአስተዋዋቂው ይህ ለውጥ ትልቅ ትርጉም አለው። ክፍለ ግዛቱ ትልቁን ሻጭ ለመያዝ የአስተዋዋቂውን አድራሻ መጠቀም አያስፈልገውም፤ የሽያጩ መጠን ብቻ ይበቃል። ሻጩም አስተዋዋቂውን በማሰናበት ከታክስ ማምለጥ አይችልም። አማዞን ከዌይፌር ውሳኔ አስቀድሞ፣ ከሚያዝያ 1 ቀን 2017 ጀምሮ፣ የሽያጭ ታክስ ባላቸው ክፍለ ግዛቶች ሁሉ በራሱ ሽያጭ ላይ ታክስ መሰብሰብ በመጀመሩ፣ ከእርሱ ጋር ለሚሠሩ አስተዋዋቂዎች ስጋቱ ቀደም ብሎ ተቃሎ ነበር።

ስጋቱ ፈጽሞ ጠፍቷል ማለት ግን አይደለም። በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ስለ ኮሚሽን ማስፈንጠሪያ የወጡት ሕጎች የተሻሩ ሲሆን፣ በሌሎች ግን በሕግ መጽሐፍ ውስጥ እንዳሉ ናቸው። እነዚህ ሕጎች የያዙት የሽያጭ ጣሪያ ከአዲሱ መመዘኛ እጅግ ያነሰ ነው፤ በኒው ዮርክ የተቀመጠውን 10,000 ዶላር ከሳውዝ ዳኮታው 100,000 ዶላር ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በመሆኑም ዓመታዊ ሽያጩ ለአዲሱ መመዘኛ የማይደርስ አነስተኛ ሻጭ፣ አሮጌው ሕግ ባለበት ክፍለ ግዛት ነዋሪ የሆነ አስተዋዋቂን ላለመቀበል ዛሬም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንድ የአፊሊዬት ፕሮግራም በማመልከቻው ላይ የመኖሪያ ክፍለ ግዛትን የሚጠይቅበት ወይም በየዓመቱ ማረጋገጫ የሚያስፈርምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት አዲስ አቅጣጫ

እስካሁን የተገለጹት ሕጎች የሚመለከቱት የተሸጠውን ዕቃ እንጂ የማስተዋወቁን አገልግሎት አልነበረም። በ2025 የወጣው የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ሕግ ግን የተለየ መንገድ ይከተላል። ከጥቅምት 1 ቀን 2025 ጀምሮ የማስታወቂያ አገልግሎት ራሱ የሽያጭ ታክስ ከሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ዝርዝር ውስጥ የገባ ሲሆን፣ በሕጉ ትርጓሜ ውስጥ በበይነ መረብ ደንበኛን ወደ ሻጭ መምራትም ተጠቅሷል። በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አስተዋዋቂዎች ይህን በትኩረት ሊመለከቱት ይገባል። በሽያጭ ታክስ አሠራር ታክሱን የሚከፍለው አገልግሎቱን የገዛው ወገን ሲሆን፣ የመሰብሰብና ገቢ የማድረግ ግዴታ ግን የሚያርፈው በአገልግሎት ሰጪው ላይ ነው። በቀደሙት ሕጎች ከታክሱ ውጭ የነበረው አስተዋዋቂ በዚህ አሠራር የሰብሳቢነት ስፍራ ሊይዝ ይችላል ማለት ነው።

ሕጉ የጋዜጦችንና የሬዲዮና ቴሌቪዥን ስርጭቶችን ማስታወቂያ ከታክሱ ውጭ ማድረጉ፣ በኢሊኖይ የተነሳውን የአድልዎ ጥያቄ መልሶ የሚያስነሳ ነው። ጥያቄው የመጨረሻ እልባት እስኪያገኝ ድረስ ግን በሥራ ላይ ያለ ሕግ ግዴታ ያስከትላል። በዋሽንግተን የሚሠራ አስተዋዋቂ የውሉን ዓይነት ለክፍለ ግዛቱ የገቢዎች መሥሪያ ቤት አቅርቦ በጽሑፍ ማብራሪያ መጠየቁ ከኋላ ከሚመጣ ውዝፍና ቅጣት ይጠብቀዋል።

በተግባር ሊለዩ የሚገባቸው ሦስት ጉዳዮች

አንደኛው የኮሚሽን ገቢ ነው። ኮሚሽኑ በአብዛኛው የሽያጭ ታክስ ባይመለከተውም የገቢ ግብር ይመለከተዋል። የተጣራው የግል ሥራ ገቢ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ፣ ከመደበኛው የገቢ ግብር በተጨማሪ ለማኅበራዊ ዋስትናና ለሜዲኬር የሚውለው 15.3 በመቶ የግል ሥራ ታክስ ይታሰባል። በዓመቱ መጨረሻ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የፌዴራል ግብር ዕዳ እንደሚኖርበት የሚገምት ሰው በአብዛኛው በአራት ጊዜ ከፍሎ ቅድሚያ መክፈል ይኖርበታል። ክፍያ ፈጻሚው ድርጅት «1099» የተባለውን ቅጽ የሚልክበት መነሻ እስከ 2025 ለተፈጸሙ ክፍያዎች 600 ዶላር የነበረ ሲሆን፣ ከ2026 ጀምሮ ለሚፈጸሙት ወደ 2,000 ዶላር ከፍ ብሏል። በዚህ ምክንያት ቅጹ የማይደርሳቸው ሰዎች ቁጥር መጨመሩ አይቀርም። ቅጹ አለመድረሱ ግን ገቢውን ከማስታወቅ ነፃ አያደርግም፤ ይህን ባለመረዳት የሚፈጠር ስህተት ወለድና ቅጣት ያስከትላል።

ሁለተኛው የራስን ዕቃ መሸጥ ነው። የሌላን ዕቃ በኮሚሽን ከማስተዋወቅ ጎን ለጎን በርበሬ፣ ቡና፣ የሀገር ልብስ ወይም መጽሐፍ በራሱ ድረ ገጽ የሚሸጥ ሰው በዚህኛው ሥራው አስተዋዋቂ ሳይሆን ሻጭ ነው። በሚኖርበት ክፍለ ግዛት አካላዊ መገኘት ስላለው፣ የሚሸጠው ዕቃ ታክስ የሚከፈልበት ከሆነ፣ የሽያጩ መጠን ዝቅተኛ ነው ብሎ ሳይጠብቅ የሽያጭ ታክስ ፈቃድ ማውጣት ይጠበቅበታል። ምግብ ነክ ዕቃዎች በብዙ ክፍለ ግዛቶች ከታክስ ነፃ ወይም በዝቅተኛ መጣኔ የሚስተናገዱ በመሆናቸው የእያንዳንዱን ዕቃ አመዳደብ ማጣራት ያስፈልጋል። በሌሎች ክፍለ ግዛቶች ለሚኖሩ ገዥዎች የሚሸጠው ደግሞ በየክፍለ ግዛቱ መመዘኛ ይታያል። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ 500,000 ዶላር፣ ኒው ዮርክ 500,000 ዶላርና ከ100 በላይ ሽያጮች በአንድነት፣ ሜሪላንድ 100,000 ዶላር ወይም 200 ግብይቶች አስቀምጠዋል። የግብይት ቁጥርን መመዘኛ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ከባድ ሆኖ በመገኘቱ ሳውዝ ዳኮታ ራሷ በሐምሌ 2023፣ ኢንዲያና በጥር 2024፣ ዩታ በሐምሌ 2025 አስቀርተውታል።

ሦስተኛው የውል ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ የአፊሊዬት ውሎች ሻጩ በማናቸውም ጊዜ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳሉ። ከ2008 እስከ 2013 የደረሰው ሁሉ የተፈጸመው በዚህ መብት ነው። ስለሆነም ከመፈረም በፊት ውሉ እንዴት እንደሚቋረጥ፣ ሲቋረጥ ያልተከፈለው ኮሚሽን ምን እንደሚሆንና በየዓመቱ የሚፈረም ማረጋገጫ ካለ ምን እንደሚል ማንበብ ያስፈልጋል። በክፍለ ግዛቱ ውስጥ ደንበኛ አልቀሰቅስም ብሎ የፈረመ ሰው፣ በአካባቢው ማኅበረሰብ መካከል በራሪ ወረቀት ቢበትን ወይም በአካባቢው ነዋሪዎች የስልክ ቡድን ውስጥ ማስፈንጠሪያውን ቢያሰራጭ ፊርማውን ይቃረናል። የቤተሰብ መተዳደሪያን በአንድ ሻጭ ውል ላይ ብቻ አለመጣልም ያለፈው ልምድ የሚያስተምረው ጥንቃቄ ነው። ከታክስ ውጭም ቢሆን፣ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን አስተዋዋቂው ኮሚሽን የሚቀበል መሆኑን ለአንባቢው በግልጽ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል፤ ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ አንባቢው ሊረዳው በሚችል አማርኛ መገለጹ ተገቢ ነው።

ነዋሪነታቸው በኢትዮጵያ ለሆኑ ዜጎች

በኢትዮጵያ ሆነው ለአሜሪካ ሻጮች የሚያስተዋውቁ ዜጎች የክፍለ ግዛቶቹ ሕጎች ከሚያተኩሩበት የክፍለ ግዛት ነዋሪነት ውጭ ናቸው። በአመዘጋገቡ ጊዜ የአሜሪካ ግብር ከፋይ አለመሆናቸውን የሚያረጋግጡበት «ደብሊው-8ቤን» የተባለ ቅጽ እንዲሞሉ ይጠየቃሉ። ቅጹን በትክክል አለመሙላት ክፍያ እንዲያዝ ወይም ግብር እንዲቀነስበት ሊያደርግ ይችላል። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ተደራራቢ የገቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት ስለሌለ፣ በቅጹ ላይ ስለ ስምምነት የሚጠይቀውን ክፍል በመሙላት ቅናሽ መጠየቅ አይቻልም። በሌላ በኩል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የኢትዮጵያ ነዋሪ ከውጭ ያገኘውንም ገቢ የሚያካትት በመሆኑ፣ ከውጭ ሻጭ የተገኘ ኮሚሽን በሀገር ውስጥ ሊታወቅ የሚገባው ገቢ ነው።

ማጠቃለያ

የበይነ መረብ ሽያጭ ታክስ ክርክር በክፍለ ግዛቶችና በታላላቅ ሻጮች መካከል የተካሄደ ቢሆንም፣ ለዓመታት ዋጋውን የከፈሉት በመካከል የነበሩት አስተዋዋቂዎች ናቸው። የዌይፌር ውሳኔ ይህን ጫና በእጅጉ ያቃለለ ሲሆን፣ የዋሽንግተን ሕግ ደግሞ የማስተዋወቅ አገልግሎቱ ራሱ የታክስ ርዕስ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። የኮሚሽን ገቢንና የራስን ሽያጭ በተለያየ መዝገብ የሚይዝ፣ ውሉንና በየዓመቱ የሚፈርመውን ማረጋገጫ የሚያስቀምጥ፣ የሚኖርበት ክፍለ ግዛት ሕግ ሲለወጥ የሚከታተል ሰው ለውጡ ሲመጣ ሳይደናገጥ ሊወስን ይችላል። የሕጎቹ ዝርዝር ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ስለሚለያይና በየጊዜው ስለሚሻሻል፣ ግለሰባዊ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት የሚኖሩበትን ክፍለ ግዛት የገቢዎች መሥሪያ ቤት ወይም ፈቃድ ያለውን የግብር ባለሙያ ማማከር ይመከራል።